የሞርባዙ ቄስ የሒሳብ መዝገብ

ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ የሰው ገቢና ወጪ ሳገላብጥ ነው የምውለው። ስለ እንግሊዝ የተሐድሶ ዘመን፣ ማለትም አገሪቱ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ስለተለየችበት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ፣ ማንበብ ስጀምር እንደ ማንም ሰው በትልልቆቹ ነው የጀመርኩት፤ የሄንሪ ስምንተኛ ቻንስለር በነበረውና በ1535 አንገቱ በተቆረጠው በቶማስ ሞር፣ በ1556 ኦክስፎርድ ላይ በእሳት በተቃጠለው ሊቀ ጳጳስ በቶማስ ክራንመር። ልቤን ወስዶ ያስቀረው ግን ከአንዲት የገጠር አጥቢያ ሳይወጣ ያረጀ፣ ማንም ያልገደለው አንድ ቄስ ነው። ስብከቱን አላገኘንም፤ ያገኘነው የሒሳብ መዝገቡን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙ ክሪስቶፈር ትሪኪ ይባላል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ፣ ከኤክስሙር ደጋ ግርጌ ሞርባዝ የምትባል መንደር አለች። በእርሱ ዘመን 33 አባወራ ብቻ የሚኖርባት፣ ዳገትና ጭቃ የበዛባት፣ ኑሮዋ በበግ ላይ የቆመ መንደር ነበረች። በ1520 ወጣት ሆኖ ተሾመባት፤ በ1574 እዚያው በሥራ ላይ ሳለ ሞተ። 54 ዓመት ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሄንሪ ስምንተኛ፣ ልጁ ኤድዋርድ፣ ከዚያ ሜሪ፣ ከዚያ ኤልሳቤጥ ነገሡ። ሄንሪ አገሩን ከሮም ጳጳስ ለየ፤ ኤድዋርድ ቅዳሴውን ራሱን ለወጠው፤ ሜሪ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለሰችው፤ ኤልሳቤጥ ደግሞ የሜሪን ሻረች። ትሪኪ በአራቱም ዘመን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን የቀረበለትን ሥርዓት ሲፈጽም ኖረ።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ተገላባጭ ነበር በለኛ!» ይላል። እኔ እንደዚያ አላይም፤ ለምን እንደሆነ መዝገቡን እየገለጥኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ መታወቅ አለበት። የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ የሚይዙት ቄሱ ሳይሆኑ በየዓመቱ ከምእመናኑ መካከል የሚመረጡ ገበዞች ነበሩ። ገበሬዎች ናቸው፤ ሲቆጥሩና ሲያስታውሱ እንጂ ሲጽፉ አይታዩም። ስለዚህ ትሪኪ ለእነሱ ይጽፍላቸዋል፣ ብዙ ጊዜም በገበዙ አፍ፣ «ይህን ተቀበልኩ፣ ይህን ከፈልኩ» እያለ። ዓመቱ ሲያልቅ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይነበብለታል። አጻጻፉ የዴቨን ገጠር ሰው አነጋገር ነው፤ ቃላቱን ከአፉ እንደወጡ ነው ያሰፈራቸው። በሙያዬ ብዙ የሒሳብ ሰነድ አይቻለሁ፤ ሰው ድምፁን እንዲህ የተወበት ግን አላየሁም።

የገቢው ምንጭ ደግሞ ከሁሉ ያስደንቀኛል። ቅዱሳኑ በጎች ነበሯቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ ነው፤ በውስጡ የእመቤታችን፣ የቅዱስ እንጦንስና የሌሎችም ቅዱሳን ምስል ቆሞ ነበር። ከእነዚህ የብዙዎቹ ሀብት በግ ነው፤ በጎቹም በየገበሬው መንጋ ተበትነው ይረባሉ። ሱፉ ይሸጣል፤ በግ ሲሞት ቆዳው ስንት እንዳወጣ ሳይቀር ይጻፋል። በገንዘቡም በቅዱሱ ምስል ፊት የሚበራው ሰም ይገዛል። ኮበሌዎቹ የራሳቸው ማኅበርና ገበዝ አላቸው፤ ልጃገረዶቹም እንደዚሁ የራሳቸው። ሌላው ትልቅ ገቢ ጠላ ነው። ገበዞቹ ጠላ ያስጠምቃሉ፣ የአካባቢው ሰው መጥቶ ይበላል ይጠጣል፣ ትርፉ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። ድሀ አጥቢያ ናት፤ ነገር ግን ከሠላሳ ሦስቱ ቤት የገበዝነት ተራ የማይደርሰው የለም ማለት ይቻላል። መበለትም ብትሆን ተራዋ ሲደርስ ገበዝ ትሆናለች።

ትሪኪ ሲመጣ አንዲት ቅድስት ይዞ መጣ። ቅድስት ሲድዌል ትባላለች፤ የኤክሰተር ሰማዕት ናት። የእንጀራ እናቷ ርስቷን ተመኝታ አጫጆች ገዝታባት በማጭድ አንገቷን እንዳስቆረጠቻት ይነገራል። ወጣቱ ቄስ ምስሏን አምጥቶ በገዛ ገንዘቡ ወርቅ አስቀባላት። ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ብዙም ልቡን የሰጣት አይመስልም፤ እያደር ግን ቀለበቱንና የብር ጌጡን ለእሷ ይሳል ጀመር፣ ከተሰጠውም ብር ለምስሏ ጫማ ተሠራላት። ሴት ልጁን ሲድዌል ብሎ ክርስትና የሚያስነሳ ወላጅ መጣ። አንድ ቄስ ለሕዝቡ ያለውን ፍቅር የሚለካ ሰነድ ካለ ለእኔ ይህ ነው፤ የሚወዳትን ቅድስት ይዞ መጥቶ በሃያ ዓመት ውስጥ ስሟን የሕፃናት ስም አደረገው።

በ1534 ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረፈ። ትሪኪ ሌባው እንዴት እንደገባ ሲጽፍ ዓይኑ እያየው የሆነ ነው የሚመስለው። ሌባው በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ፤ መሰላሉን ወደ ላይ ሳበና ከማማው መስኮት ላይ አስደገፈው፤ መስኮቱን ሰብሮ ወደ ደወሎቹ ገባ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ወረደ። የብሩን ጽዋና የሲድዌልን የብር ጫማ ይዞ ሄደ። ጽዋ ከሌለ ቅዳሴ የለም። ታዲያ ምን ሆነ? ኮበሌዎቹና ልጃገረዶቹ ተጠራርተው፣ በመካከላቸው አዋጥተው፣ አጥቢያዋን አንድ ሳንቲም ሳያስወጡ ሌላ ጽዋ ገዙ። ቄሱ ይህን የጻፈው ኩራቱን ሳይደብቅ ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው ሄንሪን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ ብሎ ማወጁን ዛሬ ማንም የታሪክ ተማሪ ያውቃል፤ ለሞርባዝ የ1534 ትልቁ ወሬ ግን ጽዋው ነበር።

ነገሩ ወደ መንደሯ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ቅርብ የነበረው የባርሊንች ገዳም በ1530ዎቹ አጋማሽ ከብዙ ገዳማት ጋር ተዘጋ፤ ከፈረሰውም ቤተ ክርስቲያን አንድ ባለመስተዋት መስኮት ለሞርባዝ ደረሳት። በ1538 በቅዱሳን ምስል ፊት መብራት ማብራት ተከለከለ። ለሌላው ሰው ይህ ስለ ጧፍ የወጣ ደንብ ነው። ለሒሳብ ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ በጎቹ ለሰም ነበሩ፣ ማኅበሮቹ ለበጎቹ ነበሩ፣ የገበዝነቱ ተራ ለማኅበሮቹ ነበር። አንዱን ክር ለንደን ሆነው ሲመዙት እዚህ የሚተረተረው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ስለ ጥቁሩ ልብሰ ተክህኖ ልናገር፤ ከመዝገቡ ሁሉ የሚከነክነኝ እሱ ነው። ትሪኪ ለሙታን ጸሎት የሚሆን ጥቁር ልብሰ ተክህኖ ለአጥቢያው ሊያሠራ ከጅምሩ አሰበ። የድሀ አገር ልብስ አይደለም፤ ዋጋው ከባድ ነው። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በጎች ሱፍ የሚደርሰውን የራሱን አሥራት አልወስድም፣ ለዚያ ልብስ ይጠራቀም አለ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ተጨመረ። የሞተ ሰው በመጣ ቁጥር በሚገባ ልብስ ይሸኝ ነው ሐሳቡ፤ ሀብታሙም ድሀውም በአንድ ልብስ። ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ልብሱ ተጠናቆ እጁ የገባው በ1547 ነው።

በዚያ ዓመት ጥር ሄንሪ ሞተ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ኤድዋርድ ነገሠ። ዓመቱ ሳያልቅ ፓርላማው ለሙታን ነፍስ ጸሎት የቆመውን ሀብት ሁሉ ለመንግሥት የሚወርስ ሕግ አወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁሩ ልብስ የተሠራበት የጸሎት ሥርዓት ራሱ ሊወገድ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ገጹን አልፌ መሄድ ያቅተኛል። የሃያ ዓመት አሥራቱን የሰጠ ሰው ምን አለ? መዝገቡ ላይ ምሬት የለም። ዋጋውን ጽፎ ሒሳቡን ዘጋ።

1548 መዝገቡን ለሚያነብ ሁሉ የጨለማ ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ዋና ገበዝ ሉሲ ስሊ የምትባል ሴት ነበረች። በእሷ ዘመን በጎቹ ተሸጡ፤ ምስሎቹ ወረዱ፤ ማኅበሮቹ ፈረሱ፤ ጠላው ቀረ። ገቢ የለም፤ ወጪው ግን ከምንጊዜውም በላይ ነበር። መንግሥት አዳዲስ መጻሕፍት ግዙ ይላል፤ መርማሪዎች ይመጣሉ፣ ገበዞቹ ቃል ሊሰጡ ከመንደር ይጠራሉ፣ መንገዱና ምሳው ሁሉ በአጥቢያዋ ኪስ ነው። የጎደለውን ለመሙላት መዋጮ መጣ። ድሮ በጎቹ የሚከፍሉትን አሁን እያንዳንዱ ቤት ከመሶቡ ቀንሶ ይከፍል ጀመር። የተሐድሶውን ዘመን የሃሳብ ክርክር አድርጎ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ገጽ ቢያይ መልካም ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር ተደረገ። ከልብሰ ተክህኖውና ከንዋየ ቅድሳቱ ያልተሸጠም ነበር። አንዱ በአንዱ ቤት፣ ሌላው በሌላው ቤት ተቀመጠ። ማን ምን እንደያዘ ቄሱ ያውቃል። መርማሪ ቢመጣ ምን ሊመጣበት እንደሚችልም ያውቃል።

በ1549 በዓለ ሃምሳ ዕለት አዲሱ የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ በአገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ይዋል ተባለ። በማግስቱ ሳምፕፈርድ ኮርትኒ በተባለች የዴቨን መንደር ሕዝቡ ቄሱን አስገድዶ በድሮው ሥርዓት አስቀደሰ፤ ከዚያ ዴቨንና ኮርንዋል ተነሡ። አመፀኞቹ ኤክሰተርን ከጁላይ 2 ጀምሮ አምስት ሳምንት ከበቡ። በሞርባዝ መዝገብ ላይ ለዚህ ዓመት የተጻፈ አጭር ወጪ አለ። አምስት ወጣቶች በስማቸው ተጠርተዋል፤ ወደ ሴንት ዴቪድስ ዳውን ሲሄዱ ገንዘብ ተሰጣቸው፣ ሰይፍና ቀስትም ተገዛ። ሴንት ዴቪድስ ዳውን ከኤክሰተር ቅጥር ውጭ፣ አመፀኞቹ የሰፈሩበት ቦታ ነው። ንጉሣቸውን ወግተው ከተማ ለከበቡ ሰዎች አጥቢያዋ ልጆቿን ስንቅ ቋጥራ ላከች ማለት ነው፤ ቄሱም ቁጭ ብሎ በእጁ ጻፈው። ያ ጽሑፍ በተሳሳተ እጅ ቢገባ ለገመድ የሚያበቃ ነበር።

ገመዱ ደግሞ ወሬ አልነበረም። አመፁ በነሐሴ ወር በደም ከተደመሰሰ በኋላ የኤክሰተር ዳርቻ የቅዱስ ቶማስ አጥቢያ ቄስ ሮበርት ዌልሽ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ተሰቀለ። ልብሰ ተክህኖውን አልብሰው፣ የጸበል ማሰሮውን፣ የቅዳሴ ደወሉን፣ መቁጠሪያውን አብረው አንጠልጥለውበት ነው የሰቀሉት። ሬሳው እዚያው እንዲቆይ ተደረገ። የሞርባዝ ሰዎች ይህን አልሰሙም ማለት አይቻልም፤ ኤክሰተር ከእነሱ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ዌልሽን አከብረዋለሁ። ትሪኪ ግን ከእሱ ያንሳል የሚል ካለ አልስማማም። በ1549 መኸር ሞርባዝ ከነበራት ሀብት አብዛኛው ተሸጧል፣ ልጆቿ ዘምተዋል፣ ዕዳ አለባት። በዚህ ጊዜ ቄሱ «ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም» ብሎ ቢወጣ የሚመጣው ማን ነው? ለመንግሥት የተመቸ፣ በየቤቱ ያለውን ዕቃ የሚያወጣ፣ የአምስቱን ልጆች ስም የሚገልጥ እንግዳ ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ክርስትና ያነሳቸው እነዚህን ልጆች ነው። የአባቶቻቸውን ኑዛዜ የሰማ፣ የበጎቻቸውን ቁጥር የሚያውቅ እሱ ነው። ቀረ።

ለዚህ ደግሞ ከፊት የሚያስረዳኝ ነገር አለኝ። በ1530ዎቹ ሞርባዝ በአንድ ነገር ዓመታት ተጨቃጭቃለች፤ የቅዳሴ አገልጋዩ ደመወዝ እንዴት ይከፈል የሚል ነው። ከየቤቱ እህል ይሰጠው ነበር፤ አንዳንዱ አልሰጥም አለ። ትሪኪ የዚህን ጭቅጭቅ ዝርዝር ከማንኛውም የንጉሥ አዋጅ አስረዝሞ ጻፈው፤ በ1536 በሽምግልና ሲያልቅም ስምምነቱን ነጥብ በነጥብ አሰፈረ። የሚያስፈራው ጠብ ነው። የሚፈልገው 33ቱ ቤት በሰላም አንድ ላይ እንዲቆም ነው። የዚህ ሰው ሃይማኖት ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ጧፉም ምስሉም ቅዳሴውም ያ አንድነት የሚታይባቸው ነገሮች ነበሩ ብዬ ነው የምመልሰው።

በ1553 ኤድዋርድ በ15 ዓመቱ ሞተና ሜሪ ነገሠች። የትሪኪ ብዕር ያን ጊዜ ተፈታ። በኤድዋርድ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እየወደቀች እንደሄደች፣ ንግሥቲቱ ስትመጣ እንዴት እንደተመለሰች በሰፊው ጻፈ። በየቤቱ የተቀመጠው ዕቃ ወጣ፤ ማን ምን እንደመለሰ በስም በስሙ ተዘረዘረ። አምስት ዓመት ዝም ብለው ከጠበቁ በኋላ፣ ዕቃውን ለራሳቸው ማስቀረት ሲችሉ፣ መልሰው አመጡት። እኔ ኦዲት ሳደርግ የማየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ ይህ ዝርዝር ደስ ያሰኘኛል። ጥቁሩ ልብስም ለተሠራበት ሥራ ዋለ።

ለሜሪ ዘመን ግን ጥብቅና አልቆምም። ከ1555 እስከ 1558 በመላ አገሩ 280 ያህል ሰው በእምነቱ ምክንያት በእሳት ተቃጥሏል፤ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ተራ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ሴቶችም ነበሩ። ለትሪኪ የተመለሰለት ሰላም ለሌላው አጥቢያ እሳት ነበር። ይህ በእሱ መዝገብ አይታይም፤ የመንደር መዝገብ የሚያሳየው የመንደሩን ነው። እኛ ግን አንዱን አይተን ሌላውን መርሳት አይገባንም።

በኖቬምበር 1558 ኤልሳቤጥ መጣች፤ በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝኛው ጸሎት ተመለሰ። የአገሩ ጳጳሳት ከአንድ ሁለቱ በስተቀር እምቢ ብለው ከመንበራቸው ወረዱ፤ ከአጥቢያ ቄሶች ግን አብዛኞቹ በቦታቸው ቀሩ። ትሪኪም ቀረ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የስቅለቱን ምስል የተሸከመው ሰገነት ፈረሰ፤ በመንበሩ ፈንታ ጠረጴዛ ገባ። የሲድዌል ወሬ ከመዝገቡ ወጣ። በዚህ ጊዜ አዛውንት ነው። በወጣትነቱ ክርስትና ያነሳቸው ልጆች ገበዝ ሆነው ሒሳብ ያቀርባሉ፣ እሱም እንደ ድሮው ይጽፍላቸዋል። አዲሱን ሥርዓት ወደደው ወይ? በእኔ አነባበብ ተቀበለው፤ ሰዎቹ እስካሉበት ድረስ እዚያ ውስጥ የሚሠራው አላጣም። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ጽሑፍ የተቆጣ ሰው ጽሑፍ አይደለም። ጣሪያ ይጠገናል፣ ደወል ገመድ ይገዛለታል፣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ይጠራል።

መዝገቡ ዛሬ ኤክሰተር በሚገኘው የዴቨን ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። በ1904 የዚያው የሞርባዝ ቄስ የነበሩት ኤርስኪን ቢኒ አሳትመውታል፤ ማንበብ ለሚፈልግ መነሻው እሱ ነው። የድሮው ጠራዥ ቅጠሎቹን አዘበራርቆ ስለሰፋቸው ዓመታቱ አንዳንዴ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ስታነቡ የገበዞቹን ስም በዓመተ ምሕረት እየለያችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የቃላቱ አጻጻፍ ሲያስቸግራችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ በዓይን የማይገባው ብዙ ጊዜ በጆሮ ይገባል። ለጀማሪ የምመክረው የ1534ቱን ሌባና የ1548ቱን የሉሲ ስሊን ሒሳብ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ገቢውን አወዳድሩት።